ሳላነብ የቆረጥሁት ቅጠል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ብርድ ልብሱ ሸጋ ነው፤ የጎንደርን ክረምት ይችላል። ወረቀቱ «በታማኝነትና በጥንቃቄ ስላገለገሉ» ይላል። «በጥንቃቄ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ፊቴን አቃጠለኝ። አጨብጭበው እስኪጨርሱ ቀና አላልሁም፤ እነሱ ደስታ መሰላቸው። ያቺ ቃል ለምን እንዳቃጠለችኝ ለመናገር ነው ይህን የምጽፈው።

«ምን ስትሠራ ኖርህ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ ስሰበስብ። ጣልያን ወጥቶ አገር ሲረጋጋ፣ የድሮ መጻሕፍት ጠፍተው እንዳይቀሩ የሚሰበስብ አንድ ትንሽ ቢሮ ጎንደር ላይ ተከፈተ። «ግዕዝ የሚያነብ፣ በቅሎ የሚቀመጥ ይፈለጋል» ተባለ። እኔ ቅኔ ቤት ውዬ የወጣሁ፣ ክህነቱንም ትዳሩንም ያልያዝሁ ጎልማሳ ነበርሁ። ማንበቡን እችላለሁ፤ በቅሎዋን ዋሸሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጣለችኝ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ለብቻዬም አይተርፍ ነበር።

የምንፈልገው ነገሥታቱ በጎንደር ግንብ በተቀመጡበት በመጨረሻው ዘመን፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም የተጻፉትን ነበር። ትልልቆቹ በየደብሩ ዕቃ ቤት ናቸው፤ ከዚያ አይወጡም፣ መውጣትም የለባቸውም። እኛ የምንዞረው የሰው ቤት ነው። በዚያ ዘመን ባላባቱም፣ የጦር አለቃውም፣ እጁ ትንሽ የሞላ ገበሬም አጠር ያለውን የነገሥታት ታሪክ በብራና እያስገለበጠ በቤቱ ያስቀምጥ ነበር። በተዝካር ቀን ቄሱ ያነብለታል፤ የቅድመ አያቱ ስም በዘመቻው መካከል ሲጠራ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ታዲያ አንዱ ቅጂ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ገልባጭ የረሳውን ጦርነት ሌላው ጽፎታል፤ አንዱ ቤት ያቆየውን ስም ሌላው ቤት በቢላዋ ፍቆታል። ስለዚህ «ይኸማ አለን» ብለን የምንተወው መጽሐፍ አልነበረም።

ሥራውን ያስተማሩኝ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲመሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ደከም ሲል ቢሮው ለምኖ ያመጣቸው፣ ቀጭን ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። መጽሐፍ ሲቀርብላቸው አስቀድመው እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ይሳለሙታል። ከዚያ ሳይከፍቱት የእንጨት ገበታውን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉታል፤ ዋንዛ ይሁን ወይራ በድምፁ ያውቁታል። ብራናውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «እዚህ ላይ ስም ተፍቋል» ሲሉ፣ እኔ ባለ ሙሉ ዓይኑ ምንም አይታየኝም ነበር። ወደ ፀሐይ አዙሬ ሳየው ልክ ናቸው።

ሲከፍቱ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ከፊት አይጀምሩም፤ ከኋላ ነው።

«ምነው ከኋላ፣ መሪጌታ?» አልኋቸው በመጀመሪያው ሰሞን።

«ከፊት ያለው የንጉሡ ነው። ቤተ ሰቡ ያስጻፈው ከኋላ ነው» አሉኝ።

ብራና ውድ ስለሆነ በመጽሐፍ መጨረሻ የተረፈ ባዶ ገጽ፣ እኛ ቅጠል የምንለው፣ በከንቱ አይቀርም። ሰው የልጁን ክርስትና፣ የአባቱን ሞት፣ ለዘመድ የሰጠውን መሬት እዚያ ላይ ያስጽፋል። ታሪኩ በግዕዝ ነው፤ ከኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ በሰፈር ቄስ ጠማማ እጅ የተጻፈ ነው።

መሪጌታ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። መጽሐፍ በተሰጣቸው ዕለት አይወስዱም። እዚያው ያድራሉ። በማግስቱ ቤተ ሰቡን ሰብስበው፣ ከኋላ ያለውን ጮክ ብለው አንብበው፣ «ይህን ነው የምትሰጡን፤ ሰማችሁ?» ብለው ነው የሚቀበሉት። አብዛኛው ባለ መጽሐፍ ፊደል አያውቅማ! ሁለት ሦስት ጊዜ መጽሐፉ በዚህ ምክንያት ቀርቶብናል፤ እኔ ስበሳጭ እሳቸው በቅሏቸውን ይጭናሉ። «ቀን የማይናገር ሰው ይኖራል፤ ካደርህ ይነግርሃል» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ይህን የሽማግሌ ወግ አደረግሁት።

እንፍራንዝ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው «የቅድመ አያቴ ነው» ብሎ ጥቁር ጢስ የጠገበ መጽሐፍ አመጣ። ገጹ ቡናማ፣ ጫፉ የተበላ፣ ሽታውም የመቶ ዓመት ጢስ ነው። እኔ በደስታ ልበር ደረስሁ። መሪጌታ ጥራዙን መሀል ለመሀል ፈልቀቅ አድርገው ክሩን አሳዩኝ፤ እንደ ትናንት ጥጥ ነጭ ነው። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ የተጠበሰ አዲስ ግልባጭ ነበር። «ልጄ፣ ዶሮ ብትጠብስበት ይሻልህ ነበር» አሉት ሰውየውን። ሰውየው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ክር ሳላይ መጽሐፍ አላመንሁም። ክር ማየቱን ከእሳቸው ተማርሁ፤ ማደሩን ግን አልተማርሁም።

በአሥረኛው ዓመቴ ግድም አቶ ዘለቀ የሚባሉ አዲስ ሹም መጡልን። ቦርሳቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ከቦርሳው ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው ትእዛዝ ይወጣል። አንድ ቀን «ከበላይ እንግዳ ይመጣል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚታይ ነገር አዘጋጁ» አሉን። መሪጌታን ብርድ መትቷቸው ተኝተው ነበር። ስለዚህ እኔ ብቻዬን፣ በበቅሎ ሳይሆን በተከራየናት ማኪና፣ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ማኪናዋ በዚያው ቀን መመለስ አለባት።

የሄድሁት ባሏ ከሞተ ዓመት ካልሞላው ከወይዘሮ አንጓች ቤት ነው። አንድ ሕፃን ልጅ አላት፤ ማሩ ይባላል። መደቡ ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ አያ ቢተው፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ወይዘሮ አንጓች መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ገልጬ አየሁት። ጥቁር ቀለሙ ያበራል፣ የነገሥታቱ ስም በቀይ ነው፣ ክሩ አሮጌ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ በሌላ በየትም ቅጂ ያላየሁት ዘመቻ አለ።

«መንግሥት ይጠብቅልኛል?» አለችኝ።

«እሜቴ፣ በሣጥን፣ በቁልፍ ነው የሚቀመጥ። አይጥ አይነካው፣ ሌባ አያየው።»

«አደራ በል።»

«አደራ።»

«እንግዲያ ዛሬን እዚህ እደር፤ ነገ ትወስደዋለህ።»

«ማኪናው ይጠብቀኛል፣ እሜቴ።»

«ምነው? እንግዳ ሳያድር ይሄዳል እንዴ?» አለችና ወደ አያ ቢተው ዞር ብላ እንደገና እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየት ዛሬም አየዋለሁ።

«ልቀቂው እንጂ! የመንግሥት ሰው ነው፤ ይሂድበት» አለ አያ ቢተው።

ከመንገዱ ዳር ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። እኔም መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ። ከኋላ ያለውን አላነበብሁላትም፤ ለራሴም አላነበብሁትም።

ቢሮ ስገባ ለእንግዳው የተመረጡት መጻሕፍት ጥጋቸው የተቀደደ፣ አይጥ የቀመሳቸው ነበሩ። የተቀደደ ብራና በቁራጭ ብራና ይጣፋል፤ እራፊ እንለዋለን። የምሰፋው እኔ ነኝ፤ በጅማት ክር ያለ ጉድፍ እሰፋለሁ፣ በዚህም እኮራ ነበር። ለእራፊ የሚሆን ብራና ግን አልቋል። ያን ጊዜ የወይዘሮ አንጓችን መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል አየሁት። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ባንድ ፊቱ ብቻ የተጻፈበት ነው። ጽሑፉ ደብዘዝ ያለ ጠማማ አማርኛ ነው። «የገጠር ጭረት» አልሁ በልቤ። ቢላዋዬን አውጥቼ ከአምስት ቆረጥሁት። አራቱን የቢሮው መጻሕፍት ላይ፣ ጽሑፉን ወደ ታች፣ ባዶውን ወደ ላይ አድርጌ ሰፋሁ፤ የትኛው የት እንደገባም በጥገና መዝገብ ላይ ጻፍሁ። አምስተኛውም በዚያው ሰሞን እጄ ላይ አለቀ። እንግዳው መጥቶ ለሁለት ደቂቃ ያህል አየና «መልካም ነው» ብሎ ሄደ።

በዚያው ወር መሪጌታ ከሕመማቸው ሲነሡ፣ እንኳን ተረፉልኝ ብዬ ጥጉ የተገነጠለውን የጸሎት መጽሐፋቸውን ሰፍቼ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «እጅህ ሸጋ ሆነ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያመሰገኑኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ አንጓች ከኮሶዬ በእግሯ ወርዳ ከቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ቢተው ከሰሰኝ» አለች። «የታችኛውን እርሻ የኔ ነው ይላል። መጽሐፌን አውጣልኝ፣ ወንድሜ። አማቴ መሬቱን ለእኔ የሰጡኝ እዚያ ላይ ተጽፏል።»

መጽሐፉን አወጣሁላት። ፊደል አታውቅም፤ ግን እንደ መሪጌታ ከኋላ ከፈተችው። በእጇ ዳበሰችው፣ ገለጠችው፣ መልሳ ገለጠችው።

«ቅጠሉ የት ሄደ?»

መጽሐፉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቀችም።

«ጥጉ ላይ የቅቤ ጠብታ ያለበት ቅጠል የት ሄደ? ሙሽራ ሆኜ ሲጽፉት ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጸጉሬ ጠብ ያለበት! እንዳይቀድብኝ ብዬ አይደል ለመንግሥት የሰጠሁት? ቢተው አንድ ቀን ያቃጥለዋል ብዬ አይደል? ያን ቀን ብታድር ልነግርህ ነበር። እሱ ባለበት እንዴት አድርጌ ልናገር?»

እንደቆረጥሁት ነገርኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችው። መሪጌታ ከውስጥ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ወጥተው አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«አንብበህላቸው ነበር?»

«አላነበብሁም።»

ይህን ሰምተው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍለጋው አንድ ወር ፈጀ። በመዝገቡ መሠረት ሦስቱ እራፊዎች እዚያው ጎንደር ነበሩ፤ ስፌቱን ፈትቼ አወጣኋቸው። አራተኛው የተሰፋበት መጽሐፍ አዲስ አበባ ተልኳል፤ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ፣ ለምኜ፣ ፈትቼ አመጣሁት። አምስተኛው በመዝገብ የለም። በዚያ ሰሞን የሰፋሁትን የቢሮውን መጽሐፍ ሁሉ አንድ በአንድ ገለጥሁ። የለም። ከቁርጥራጭ ጋር ጠርጌ ጥዬው ይሆናል ብዬ ደመደምሁ። አቶ ዘለቀ ደግሞ «ፍርድ ቤት ቀርበህ ቢሮውን ታሰድባለህ? እኔ አልፈቅድም» አሉ። ሳይፈቅዱ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ማኅተም ስመታ ተቀምጫለሁ፤ የሚገባኝ ነው።

መሪጌታ «አብሬህ እሄዳለሁ» ብለው በቅሏቸውን ጫኑ። ችሎቱ ላይ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

አራቱን ቁራጮች በዳኛው ፊት ደረደርሁ። አንዱ ሰጪው በሙሉ ልቡናው እንደሰጠ ይላል። አንዱ «ለልጄ ሚስት ለአንጓች፣ ልጇ ይተከልበት» ይላል። አንዱ የምስክሮቹን ስም ይዟል፤ ሁሉም ሞተዋል። አንዱ የሚያፈርሰውን የሚገዝት ግዝት ነው። የትኛው መሬት እንደሆነ የሚናገረው ብቻ ጎደለ።

አያ ቢተው ተነሣ። እርጋታው ገረመኝ።

«ጌታዬ፣ አባቴ መስጠቱን መቼ ካድሁ? የላይኛውን ድንጋያማውን ሰጥቷታል፤ ትውሰድ! የታችኛው ግን የኔ ነው።»

ወይዘሮ አንጓች «ከምንጩ እስከ ጽዱ፣ ከጽዱ እስከ ገደሉ አፍ!» እያለች ትጮሃለች፤ ጽዱ የድንበሩ ዛፍ ነው። ዳኛው ዝም አሰኟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«የቆረጥኸው አንተ ነህ። የቀረው ቁራጭ ምን ይል ነበር?»

ወይዘሮ አንጓች አየችኝ። «የታችኛውን ይል ነበር» ብል ያበቃል። እውነቷን እንደምትናገርም በልቤ አውቃለሁ። ነገር ግን መስቀል ይዤ ምያለሁ፤ ያላየሁትን አየሁ ልል ነው።

«ጌታዬ፣ ሳላነብ ነው የቆረጥሁት» አልሁ።

የታችኛው እርሻ ለአያ ቢተው ተፈረደ። እሷና ልጇ በድንጋያማው ላይ ቀሩ። ማሩ ሲያድግ የገዛ መሬቱን ከአጎቱ ልጆች ላይ በእኩል ያርስ ጀመር፤ የምርቱን ግማሽ ለእነሱ እየሰጠ። ይህን እየሰማሁ ነው ሥራዬን የጨረስሁት። ከዚያ ወዲህ በሄድሁበት ቤት ሁሉ አድሬያለሁ፣ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። ማኪናው ይሂድ! አሥር ጊዜ በእግሬ ተመልሻለሁ። መሪጌታ ሲያርፉ የጸሎት መጽሐፋቸውን ለእኔ ተናዘዙልኝ፤ በየጠዋቱ በእሱ እጸልያለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ሥራ የለመደ እጄ አላርፍ ቢለኝ፣ የዚህን መጽሐፍ ክር ላድስ ብዬ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። ያ እኔ የሰፋሁት ጥግ ላይ፣ አውራ ጣቴ ሁልጊዜ የምታርፍበት ቦታ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ነጥብ አየሁ። የእጅ ወዝ ይመስለኝ ነበር። ወደ ፀሐይ ከፍ አደረግሁት። የቅቤ ጠብታ ነው። ስፌቱን ፈታሁ። ገልብጬ አነበብሁት፦ «የታችኛውን እርሻ፣ ከምንጩ እስከ ጽዱ፣ ከጽዱ እስከ ገደሉ አፍ።»

የቢሮውን መጽሐፍ ብቻ ስፈልግ ኖሬ! የመሪጌታ የጸሎት መጽሐፍ ግን የቢሮው ስላልነበረ መዝገብ ላይ አልጻፍሁትም፤ ረሳሁት። ችሎቱ ላይ ከጀርባዬ፣ ከሽማግሌው ጭን ላይ ተዘርግቶ ነበር። ብቻዬን እዬዬ ብዬ አለቀስሁ።

በማግስቱ ቁራጩን በመጽሐፉ ውስጥ ይዤ ኮሶዬ ወጣሁ። አያ ቢተው ከሞተ ቆይቷል። ወይዘሮ አንጓች መንኩሳ እማሆይ ሆናለች፤ ዓይኗ ጠፍቷል። በድምፄ ለየችኝ።

«የመጽሐፉ ሰውዬ ነህ?»

«ነኝ፣ እማሆይ። አምስተኛውን አገኘሁት።»

ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ማሩ ገበያ ወርዷል። ቶሎ አንብብልኝ።»

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። ሁለት ቃል ሳልሄድ አብራኝ ማለት ጀመረች፤ አንዲት ቃል ሳትስት፣ ከምንጩ እስከ ጽዱ፣ ከጽዱ እስከ ገደሉ አፍ፣ እኩል ጨረስን። ጣቷን ይዤ ጠብታውን አስነካኋት። ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ የሙሽራ ነበር።

«ይግባኝ እንበል፤ እኔ እመሰክራለሁ፤ አሁን አንብቤዋለሁ» አልኋት።

«አይሆንም።»

«ምነው፣ እማሆይ? እውነቱ ይኸው!»

«እውነቱንማ እኔ መቼ አጣሁት? ማሩ እስከ ዛሬ እናቴ ተሳስታ ይሆናል እያለ ነው ከአጎቱ ልጆች ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ። ይህን ያየ ቀን ጠመንጃውን ነው የሚያነሣ። እነሱም ልጆች አሏቸው። ያኔ ቢሆን መሬት ነበር፤ ዛሬ ደም ነው።» ቁራጩን በእጄ ላይ አስጨበጠችኝ። «ሳይመጣ ይዘህ ውረድ። ከነበረበት መልሰህ ስፋው።»

«ይቅር በይኝ» አልኋት እግሯ ላይ ወድቄ።

«እግዜር ይፍታህ። በል ተነሥ፤ መንገድ ላይ እንዳያገኝህ በላይ በላዩ ሂድ» አለችኝ።

እንዳለችኝ በላይ በላዩ ሄድሁ። ከቁልቁለቱ ማዶ የታችኛው እርሻ ይታያል፤ ገብሱ አሽቷል፤ ጽዱም ቆሟል።

ቤቴ ገብቼ ቁራጩን ከነበረበት ሰፋሁት፤ አሁን ግን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ። በየጠዋቱ ከጸሎቴ በፊት እሱን አነባለሁ፣ ጮክ ብዬ።